መጥቶ የሚሄድና መጥቶ የሚቀመጥ

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ለሚኒስትሪ ፈተና በምትዘጋጅበት ዓመት፣ ዓይኗ እንደተከፈተ ባለቤቱ የወጣበት ቤት መምሰል ጀመረች። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እስከዛሬ አላገኘሁም። ውሃ ስትቀዳ፣ ስታነብ፣ ጫማዋን ስታስር፣ በመሃል ቀጥ ትላለች። የዓይኗ ቆብ በስሱ ይርገበገባል። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ጆጉ ሞልቶ እግሯ ላይ ቢፈስ እንኳ ውሃው ከየት እንደመጣ ግራ ይገባታል።

እኔ ስንፍና አልኩት። እናቷ የሰው ዓይን አለችው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ «ልጅዎ ዓይኗን ገልጣ ትተኛለች» አለኝ። ሦስታችንም የተናገርነው በእርግጠኝነት ነበር።

ክልሉ ያን ጊዜ ገና መቋቋሙ ነው። አሶሳ ዋና ከተማ ተብላ፣ ቢሮዎቿ ከወንበር በፊት ማኅተም የነበራቸው ጊዜ ነበር። የምሠራበት ቢሮ የቀድሞ የሰሊጥ መጋዘን ስለነበር ባለጉዳዩ ሁሉ እያስነጠሰ ይገባ ነበር። ከየወረዳው ሰው ይመጣል፤ አንዱ በበርታኛ፣ አንዱ በጉሙዝኛ፣ አንዱ በሺናሻኛ እያሰበ ሁሉም በአማርኛ ይነጋገራል። እኔም ከወለጋ የመጣሁ ነኝ፤ ቤቴና ጸሎቴ ኦሮምኛ፣ ሥራዬ አማርኛ። የተማረ ሰው እንደ ዝናብ የሚጠበቅበት ጊዜ ስለነበር፣ ልጄ ሚኒስትሪን አልፋ አንድ ቀን በዚህ ክልል መምህርት ስትሆን ማየት ነበር ምኞቴ። ሌላ ትልቅ ምኞት አልነበረኝም።

ሥራዬ የመገናኛ ራዲዮ ነበር። መደበኛ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ራዲዮን የተማርኩት የተበላሸውን እየፈታሁ፣ የባሰ እያበላሸሁ፣ ከዚያ መልሼ እየገጠምኩ ነው። ጠዋት ጠዋት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከቶንጎ፣ ከማንኩሽ፣ ከሌሎቹም ወረዳዎች የሚመጣውን መልእክት እቀበላለሁ። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ጆሮው ሁለት ነገር መለየት ይማራል። ቀጥ ብሎ የሚቆየው ድምፅ ጣቢያው ነው፤ እሱን አጥብቀህ ትይዛለህ። «ጣ» ብሎ የሚጠፋው ሩቅ የወደቀ መብረቅ ነው፤ እሱን እንዳልሰማህ ታልፋለህ። ክረምት ላይ በሚንጣጣው መብረቅ መሃል ሰው የሚናገረውን አንድም ቃል ሳላስቀር እጽፍ ነበር። የሚቆየውን ያዝ፣ የሚያልፈውን ተው። ይህን ደንብ ከራዲዮ አውጥቼ ኑሮዬም ውስጥ ተክዬው ነበር፤ ለልጆቼም ምክር አድርጌ ስሰጥ ኖሬያለሁ።

ከቤታችን አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ሙያተኛ ለማለት «ኡስታ» ይሉኛል። አማርኛቸው የገበያ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ መንገድ ይጠሩታል። አንድ ቀን ልጄን ክር ግዢ ብዬ ልኬ፣ ቆየችብኝና «ሁልጊዜ እንዲህ ናት» እያልኩ ብደርስ፣ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆማለች። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝ። አፍታም ሳይቆይ ልጄ ክሩን ተቀብላ «አመሰግናለሁ» አለች።

«አንተ ኡስታ» አሉኝ እሷ ስትሄድ፣ «ልጅህ ሁልጊዜ አይደለም። ይሄዳል፣ ይመጣል። እኔ አየሁ።»

«የት ነው የምትሄደው?»

«ወላሂ፣ እሱን አላውቅም። ግን ይመጣል። አንተ ደግሞ ልክ ሲመጣ ትቆጣዋለህ። እንግዳ ቤት ሲገባ ይቆጣሉ እንዴ?»

ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅሁም። በማግስቱ ግን ልጄን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ።

የአሶሳው ሐኪም ወጣት ነበር፤ ነገር አያስረዝምም። ልጄን ውጭ እንድትጠብቅ አድርጎ፣ ይህ ከሚጥል በሽታ ወገን ሊሆን እንደሚችል፣ ሰው ሳይወድቅም ሊይዘው እንደሚችል ነገረኝ። «ሁለት ዓይነት ነገር አስባለሁ» አለ። «አንደኛው መጥቶ የሚሄድ ነው። አንጎሏ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ በድንገት ይናወጣል፣ ለአፍታ ትጠፋለች፣ ከዚያ ይበርዳል። ለእሱ መድኃኒት አለው፤ ትምህርቷንም አይከለክላትም። ሁለተኛው መጥቶ የሚቀመጥ ነው። በተለይ ስትተኛ ሞገዱ አይቋረጥም፤ አንጎል አያርፍም። እንዲህ ያለው ልጅ የተማረውን ቀስ በቀስ ያጣል። ቃላት እንኳ ሊጠፉበት ይችላሉ።»

«የእሷ የትኛው ነው?»

«በዓይን አይለይም። አዲስ አበባ የአንጎልን ሞገድ ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ አለ። እዚያ ይወስዷታል።»

ዳይሬክተሩ ደግሞ ቁርጡን ነገረኝ። መማር ትችላለች የሚል የሐኪም ወረቀት ካመጣሁ ለፈተናው ይመዘግባታል፤ ካላመጣሁ ክፍል ውስጥ ብትወድቅበት ተጠያቂ መሆን አይፈልግም። አልፈረድኩበትም። ሰው በማያውቀው ነገር ሲፈራ ወረቀት ይጠይቃል።

የመንገዱ ዋዜማ እናቷ ልጄን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ለጋ ቅቤ መሐል አናቷ ላይ አደረገችላት። ሥሩ ድረስ አሸችው፤ ከዚያ ጥብቅ አድርጋ ሹሩባ ሠራቻት። «አንጎሏ ደርቆ ይሆናል» አለች። «ደግሞ አዲስ አበባዎቹ እናት የሌላት ልጅ ትምሰላቸው?» እኔም አይቼ «ደግ አደረግሽ» አልኩ። አገራችን የታመመ ራስ የሚደገፈው እንዲህ ነው፤ መንገድ የሚሄድ ልጅም ራሱ ሳይረጥብ ከቤት አይወጣም።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ከባምባሲ አልፈን ዳቡስን ስንሻገር መጠየቅ ጀመርኩ። ጨዋታ አስመስዬ ነው የጠየቅኳት፤ ነገር ግን ጨዋታ አልነበረም። የተማረችው እያለቀ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።

«ይሄ ወንዝ የት ይገባል?»

«ዓባይ።»

«ሌላስ ዓባይ የሚገባ?»

«ዲዴሳ፣ በለስ፣ ጉደር…» አለችና ቆመች።

ጎንበስ ብዬ የዓይኗን ቆብ አየሁ። አይርገበገብም። መስኮቱን እያየች ነበር።

«ዝንጀሮ» አለች።

«ዝንጀሮ ዓባይ ይገባል?»

«አይ፣ እዚያ ዛፍ ላይ።»

ከኋላችን የተቀመጠ ሰው ሳቀ። እኔ መጠየቄን አልተውኩም። መንዲ ላይ ማባዛት፣ ነጆ ላይ የሰውነት ክፍሎች፣ ጊምቢን አልፈን ዲዴሳን ስንሻገር ደግሞ ወንዞቹን እንደገና። እሷም ደከማት እንጂ አልሳተችም። ነቀምት አድረን በማግስቱ አዲስ አበባ ስንገባ ሁሉን በትክክል ብትመልስልኝም ፍርሃቴ ከአሶሳ ይዤው ከተነሳሁት ብሶ ነበር። ዛሬ የመለሰች ነገ ላትመልስ ትችላለች፤ የሚቀመጠው በሽታ የሚሠራው ቀስ በቀስ ነው ተብያለሁ።

የምርመራው ክፍል ጠባብና ሙቀት የበዛበት ነበር። ሥራውን የያዘችው ሲስተር ብዙ ሰው ይጠብቃታል። ልጄን አልጋ ላይ አስተኝታ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ክብ ብረት ያለባቸውን ሽቦዎች በሹሩባው መሃል እያደረገች መለጠፍ ጀመረች። ጣቷ አናቷ ላይ ሲደርስ ቆም አለች።

«እናቷ ምንም አልሰሰተችም» አለች። በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች። «እንሞክረው እስቲ።»

መሣሪያው ሲነሳ በአንድ ረድፍ የቆሙ እስክሪብቶዎች በሚንሸራተት ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመሩ። ከሥራዬ ጋር ስለተቀራረበብኝ ለአፍታ ፍርሃቴን ረሳሁት። ልጄ የመንገድ ድካም ስለነበረባት ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ጊዜ ከመሃል ያለው አንዱ እስክሪብቶ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። የአሶሳን ኮረብታ በርቀት የሚስል ይመስላል። ቆመ ብዬ ጠበቅሁ። አልቆመም። ወረቀቱ እየታጠፈ ተከመረ፤ ኮረብታው ግን ይቀጥላል። አንዴ ብቻ እስክሪብቶዎቹ ሁሉ በአንድነት ዘለው፣ ተናውጠው ጸጥ አሉ። እሱን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ዓይኔ ከማይቋረጠው ላይ አልተነሳም።

ጣቢያው ይህ ነው አልኩ በልቤ። ተቀምጧል።

ዶክተሩ ጎልማሳ ሰው ነበር። ወረቀቱን አንድ በአንድ እየገለጠ ሲያይ እኔ ፊቱን አያለሁ። ልጄ በሩ ጋ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ናት።

«አባት» አለኝ፣ «ይሄ ሲያዩት መጥፎ ነው። ግን አላመንኩትም።»

ወንበሬን አስጠግቼ የሚያሳየኝን አየሁ።

«ከአንጎል የሚነሳ ሞገድ ጎረቤቱን ይነካል» አለ። «እዚህ የተነሳ ነገር አጠገቡ ባለው ሽቦ ላይም በትንሹ መታየት አለበት። ይሄ ግን አንድ ሽቦ ላይ ብቻ ነው የሚወዛወዘው፤ ጎረቤቶቹ አልሰሙም። ሲስተርም ቅቤ ነበረ ብላለች። ቅቤ ሲቀልጥ፣ ላብ ሲጨመርበት፣ ብረቱ ቆዳዋን በደንብ አይዝም። ይሄ የሚቀጥለው ነገር የቅቤው ሊሆን ይችላል። የልጅዎም ሊሆን ይችላል።» ገጽ ገለጠና ያንን አንዴ የዘለለውን አሳየኝ። «እኔን የገረመኝ ይሄ ነው።»

«እሱማ ጣ ብሎ የጠፋ ነው» አልኩት። «እኔ የመገናኛ ራዲዮ ሠራተኛ ነኝ። እንዲህ ያለውን መብረቅ እንለዋለን፤ አንቆጥረውም።»

አልተቆጣም፤ አልሳቀም። «ልክ ነዎት፣ በራዲዮ መልእክቱ የሚቆየው ላይ ነው» አለ። «እዚህ ግን አንዳንዴ መልእክቱ ራሱ መብረቁ ነው። ይህኛው ሁሉም ሽቦ ላይ ነው የታየው። ፀጉሯን ፈትተው፣ ቅቤው እስኪለቅ በሳሙና አጥበው፣ ከነገ ወዲያ ይመለሱ። ያን ጊዜ የሚቀረው የእሷ ነው።»

የሚቀረው የእሷ ነው። ይህችን ቃል እያመነዠኩ ወዳረፍንበት አልጋ ቤት ተመለስኩ።

በሕይወቴ ሹሩባ ፈትቼ አላውቅም ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው የቧንቧ ውሃ አጠገብ በርጩማ አስቀምጬ ልጄን አስቀመጥኳት። እናቷ ጥብቅ አድርጋ ነው የሠራችው፤ ጣቴ ደግሞ ለቀጭን ሽቦ የለመደ ቢሆንም ሽቦ አያለቅስም። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ ልብስ እያሰጡ ያዩኛል።

«አባወራ ሹሩባ ሲፈታ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። «ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ገመድ መሰለዎት?»

«እናትየው ሩቅ ናት» አልኳቸው።

«እሱማ ከፀጉሯ አያያዝዎ ያስታውቃል።»

ልጄ ራሷን እንደደፋች ሳቀች። «አባባ፣ ራዲዮ እየፈቱ ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ቁጭ በይ።»

ዝም አለች። አንዱን ጉንጉን ፈትቼ ወደ ሌላው ስሄድም ዝም እንዳለች ናት። ፊቷን ማየት አልችልም፤ ከኋላዋ ነኝ። ሄደች ወይስ አለች? ይህ ጥያቄ በዚያ ዓመት በየአፍታው የምጠይቀው ነበር። ጎንበስ ብዬ ልይ ስል ተናገረች።

«የማይሄደው ከሆነ የማውቀውን ሁሉ እረሳለሁ፣ አይደል?»

ማን ነገረሽ አላልኩም። የበር ሳንቃ ስስ ነው፤ ልጅ ደግሞ ወላጅ የሚደብቀውን ለይቶ ይሰማል። ውሸት የልጅን ፍርሃት አያጠፋም፤ ብቻዋን እንድትፈራ ያደርጋታል።

«እንዲህ ብለውኛል» አልኳት።

«እርስዎንም እረሳለሁ?»

እጄ ፀጉሯ ውስጥ ቆመ። ሴትዮዋም ልብሱን ማስጣት ትተው ወደ ቤት ገቡ።

«አላውቅም» አልኩ። «እሱን አልጠየቅኩም።»

«እንግዲያው ይጠይቁልኝ» አለች። ቀጥላም «ግራ በኩል ያለውን አይጎትቱ» አለች።

አጠብኳት። ውሃው ቅቤውን እንደያዘ ነጭ ሆኖ ወረደ። እንደገና ሳሙና አድርጌ አጠብኩ፤ ጣቴ ፀጉሯ ላይ ሲሄድ «ሲጥ» እስኪል ድረስ። እናቷ ስትቀባ የነበራትን ፊት አስታወስኩ። እኔ አሁን የማጥበው ቅቤውን ብቻ አልመስልህ አለኝ። እግዚአብሔርን የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ ያ ኮረብታ ከቅቤው ጋር እንዲወርድ። ነገር ግን ባይወርድስ? እናቷ በፍቅር ያደረገችው ሰበብ ሆኖ ተስፋ ሰጥቶኛል። ፀጉሩ ከታጠበ በኋላ ሰበብ የለም። ሰበብን ዕድሜዬን ሙሉ ስንቅ ኖሬ፣ ያን ቀን ግን ሰበብ እንዳያልቅብኝ ፈራሁ።

በቀጠሮው ቀን ሲስተር የልጄን ራስ ዳስሳ «እንዲህ ነው እንጂ» አለች። ሽቦዎቹ ያዙ። መሣሪያው ተነሳ። ሁለቱ ዓይኖቼ ያ መሃለኛ እስክሪብቶ ላይ ናቸው። ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ሄደ። ኮረብታው አልመጣም። ቢሆንም ደስታዬን ያዝ አደረግኩ፤ ገና ንቁ ናት።

«አሁን ፊኛ እንደምትነፊ ደጋግመሽ በረጅሙ ተንፍሺ» አለቻት ሲስተር።

ልጄ መተንፈስ ጀመረች። ስትቀጥል፣ ስትቀጥል፣ እስክሪብቶዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ዘለሉ። ሹል፣ ዝቅ፣ ሹል፣ ዝቅ፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ እኩል እኩል ይመታሉ። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ተከፍቷል፣ ቆቡ ይርገበገባል፣ በረጅሙ መተንፈሷም ቆሟል። ሲስተር ድምጿን ሳትቀይር «ብርቱካን» አለች። ወዲያው እስክሪብቶዎቹ ሁሉ በአንድነት አረፉ፤ ልጄም መተንፈስ ቀጠለች።

«ቅድም ምን አልኩሽ?»

«ተንፍሺ አሉኝ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ምንም።»

ያቺ ያልሰማቻት ብርቱካን ልቤን በላችው። ያን ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ የሚመጣውን እንግዳ በዓይኔ አየሁት። ሲገባም ሲወጣም አየሁት። መብረቅ ነው ብዬ ያለፍኩት እሱ ነበር።

ዋናው ፈተና ግን እንቅልፉ ነበር። የአሶሳው ሐኪም ያስፈራኝ በእንቅልፍ ነው። መብራቱ ተቀነሰና ልጄ ተኛች። ጥቂት ቆይቶ እስክሪብቶዎቹ ዘለሉ። ተቀመጠ አልኩ። አረፉ። ቆይተው እንደገና ዘለሉ፤ አረፉ። በየመሃሉ ጤነኛ ነው የተባለው የእንቅልፍ ሞገድ ወረቀቱን ይሞላዋል። አንደኛው ግን ከሌሎቹ ሁሉ ረዘመ። መርፌው መምታቱን አላቆመም። በሁለት እጄ የወንበሩን ጠርዝ ይዤ ነበር።

ሲስተር ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «አባት፣ እርስዎም ይተንፍሱ» አለች።

ስተነፍስ አረፈ።

ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ሲጨርስ ልጄንም አስገባት። «ኮረብታው የቅቤው ነበር» አለ። «የልጅዎ ይሄ ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። እንቅልፍም ላይ አይቀመጥም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ዛሬ ባየሁት ወረቀት እርግጠኛ ነኝ። ለዓመታት አልምልልዎትም። በሽታ መልኩን ሊቀይር ስለሚችል ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።» ከዚያ ስለ ልጄ ያወራሁለትን አስታወሰኝ። «መጀመሪያ ሲመጡ ቀኑን ሙሉ ትፈዛለች፣ ሁልጊዜ እንዲህ ናት ብለውኝ ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ያለውን የሞገድ ጉልበት ሁሉ ደምረን በጊዜው ብናካፍለው እኛም እንደዚያ እንል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በትንሹ የታመመች ትመስላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነችም። በየአፍታው ግን ጨርሳ የለችም። ለብዙ ሰዓት ጥቂት መታመምና ለጥቂት ጊዜ ብዙ መታመም ሲደመሩ አንድ ይሆናሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ድምሩን ትቼ ገጽ በገጽ አያለሁ።»

ገባኝ። አሶሳ ክረምቱን ሙሉ ዘነበ የሚል ሰው አሶሳን አያውቅም። ጠዋት ፀሐይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይቀደዳል፤ ወዲያው ፀሐይ ወጥቶ ልብስ ይሰጣል። ያንን ዝናብ በቀኑ ላይ እኩል ቢያካፍሉት ካፊያ ይሆናል፤ ካፊያ ደግሞ ድልድይ አይወስድም። እኔ ስለ ልጄ ለሰው ሁሉ ያወራሁት ካፊያ ነበር።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «ጥያቄው የእሷ ነው። እንዲህ ያለው በሽታ… አባቷን ያስረሳታል ወይ?»

ዶክተሩ ወደ ልጄ ዞረ። «ይሄኛው አያስረሳሽም» አላት። «የሚያመልጥሽ እሱ በመጣበት አፍታ የተባለው ብቻ ነው። ያን ጊዜ አባትሽ ቢቆጡሽ አትሰሚያቸውም።»

«እሱማ ጥሩ ነው» አለች ልጄ።

መድኃኒቱን አዘዘ፤ ትምህርቷን መቀጠል ትችላለች የሚለውንም ጻፈልኝ። ወደ ወንዝና ወደ እሳት ብቻዋን እንዳትሄድ አስጠነቀቀን። እኔንም ለቀጣዩ ቀጠሮ ስመጣ ምን እንደምነግረው አዘዘኝ። መቼ ጀመረ፣ መቼ አቆመ፣ ከዚያ በፊት ምን ታደርግ ነበር። «'ሁልጊዜ' የሚለውን ቃል ብቻ አይንገሩኝ» አለ።

አሶሳ ስንደርስ እናቷ መጀመሪያ ያየችው ፀጉሯን ነው። ደርቆ፣ ተበትኖ፣ እኔ ባበጠርኩት ቆሟል። ወሬውን ሁሉ ነገርኳት፤ ቅቤውንም አልደበቅኩም። ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ነኛ ያበላሸሁት?»

«ደግ አደረግሽ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም አላወቅንም።»

«ታዲያ ልጄ እንዲህ ደርቃ ልትቀር ነው?»

«ምርመራ ሲደርስ አትቀቢያት እንጂ ሌላ ጊዜ ማን ከለከለሽ? እስከዚያ ቅቤው ከተረፈሽ እኔን ቀቢኝ።»

«የትኛውን ፀጉርህን?» አለችና ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጎረቤታችን ሽማግሌ ግን የማሽኑን ነገር በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «እኔ አላልኩም? ይሄዳል፣ ይመጣል» አሉ። ልክ ነበሩ። ነገር ግን እንቅልፉን እሳቸውም አላዩትም፤ እኔን ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ያስጨነቀኝም እሱ ነበር። ይህን ስላቸው «አልሐምዱሊላህ በል፣ ተከራካሪ አትሁን» ብለው ዝም አሰኙኝ።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አይቶ መዘገባት። መድኃኒቱም በመጀመሪያው ወር እንቅልፍ እንቅልፍ ቢላትም እየዋለ ሲያድር እንግዳው መምጣቱን ቀነሰ። ጨርሶ ቀረ ብዬ መናገር አልችልም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ እሱ እየቀነሰ ሲሄድ የእኔ ፍርሃት አብሮ አልቀነሰም። እሷ አፍታ ብቻ ነው የምትጠፋው፤ ያለማቋረጥ የተቀመጠው እኔ ውስጥ ነበር። ለእሱ ሽቦ አልተለጠፈልኝም።

ፈተናው ሊደርስ ሲል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ በረንዳ ላይ አስቀምጬ እጠይቃት ነበር። ወንዞቹን ጨረስን፣ ወደ ሒሳብ ገባን። አንድ ረዘም ያለ ጥያቄ አነበብኩላት፤ ሁለት ገበሬዎች መሬት ስለሚካፈሉበት። እርሳሷን አነሳች፣ ከወረቀቱ በላይ ያዘችው፣ ቀጥ አለች።

የዓይኗን ቆብ አየሁ። ከዝናቡ የተነሳ ብርሃኑ ደብዝዟል፤ መለየት አልቻልኩም። እንደ ድሮው «አንቺ» ብዬ ልጮህ አፌ ድረስ መጣ። መልሼ ዋጥኩት። መቼ እንደጀመረ ልብ አልኩ፤ መቼ እንደሚያቆም ጠበቅኩ። ስጠብቅ ዝናቡ እንኳ ያቆመ መሰለኝ።

«አባባ» አለች ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣ «እዚሁ ነኝ። እያሰብኩ ነው።»

«አስቢ» አልኳት። «ጊዜ አለሽ።»